በቀን ሂሳብ ጄት ማብረር፦ ቋሚ ደሞዝ ትቶ መግባት ያዋጣል?

ቀኝ_ወንበር ጻፈ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ምክራችሁን የሚፈልግ ነገር ገጥሞኛል።

በአንድ ቻርተር ድርጅት (አውሮፕላን ከነአብራሪው የሚያከራይ ማለት ነው) በቋሚ ደሞዝ ቻሌንጀር 350 የሚባል ጄት ላይ እሠራለሁ። ካፒቴን ከሆንኩ ቆየት ብያለሁ፤ ስሜ ላይ ያለው ቀኝ ወንበር ረዳት አብራሪ ሳለሁ የያዝኩት የድሮው ነው፣ አትሳቁ። ሰሞኑን አንድ የማውቀው ሰው ደወለና፣ ይኸው ዓይነት አውሮፕላን ያላቸው አንድ ባለሀብት ቋሚ አብራሪ መቅጠር ስለማይፈልጉ በቀን ሂሳብ የሚሠራላቸው ካፒቴን እያፈላለጉ ነው አለኝ። ለበረርኩበት ቀን የሚከፍሉት ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። «በወር አስር ቀን አታጣም» ብሎኛል። እውነት አስር ቀን ካገኘሁ፣ አሁን ወሩን ሙሉ ስልኬን አቅፌ እየተኛሁ ከማገኘው ይበልጣል።

ውል የሚባል ነገር ገና አልመጣም። በእጄ ያለው የዋትስአፕ ሁለት መስመር ነው። በዚህ መንገድ የምትሠሩ ሰዎች ምን ትሉኛላችሁ? ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

የሻንጣ_ኑሮ መለሰ፦

ወንድሜ፣ «ለበረርኩበት ቀን» ያልካት ላይ ትንሽ እንቆይ።

ለሂሳብ እንዲመቸን ቀኑ 1,000 ዶላር ነው እንበል። ሰኞ በመንገደኛ አውሮፕላን ተሳፍረህ ጄቱ ወደቆመበት ከተማ ትሄዳለህ። ማክሰኞ ባለቤቱን ይዘህ ትበራለህ። ረቡዕ ሰውየው ስብሰባ አላቸው፣ አንተ ሆቴል ነህ። ሐሙስ መልሰህ ታመጣቸዋለህ። ዓርብ ወደ ቤትህ። ከቤትህ የወጣኸው ለአምስት ቀን ነው፤ የበረርከው ግን ሁለት ቀን፣ 2,000 ዶላር። ለአምስት ስታካፍለው በቀን 400 ሆነ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከቤት ከወጣህ እስክትመለስ ያለው ሁሉ ይከፈላል፣ የጉዞ ቀን በግማሽ ይታሰባል ተባብላችሁ ከሆነ፣ ሦስቱ ሙሉ ቀን 3,000፣ ሁለቱ ግማሽ ቀን 1,000፣ በድምሩ 4,000 ይመጣል። ሥራው ያው ነው፣ የቀን ዋጋውም ያው ነው፣ ገንዘቡ ግን እጥፍ።

እኔ በበኩሌ የጉዞንም ቀን ሙሉውን ነው የማስከፍለው። ያን ቀን ለሌላ ሰው መብረር አልችልማ። ብዙዎቹ በግማሽ ይደራደራሉ፤ ነፃ ነው የሚል ካጋጠመህ ግን ስልኩን ዝጋ።

የአየር ቲኬቱንና ሆቴሉን ደግሞ እነሱ ይግዙ። በራስህ ካርድ ገዝተህ በደረሰኝ ማስመለስ ማለት ለባለጄት ሰው ያለ ወለድ ማበደር ማለት ነው። የውሎ አበል ከቀን ክፍያው ተለይቶ ይጻፍ።

ኦፕስ_ዴስክ መለሰች፦

እኔ ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለሁ ነኝ፤ ለፍሪላንስ (በቀን ሂሳብ ለሚሠሩ) አብራሪዎች የምደውለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ከኛ በኩል እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ።

«በወር አስር ቀን አታጣም» የሚል ሰው አስሩን ቀን ከየትም አምጥቶ ሊሰጥህ አይችልም። የአንድ ባለሀብት ጄት በዓመት የሚበረው ጥቂት መቶ ሰዓት ነው። ያም እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም፤ በበዓላትና በእረፍት ወራት ይደራረባል፣ ከዚያ ለሳምንታት ሃንጋር ውስጥ ይቆማል። አውሮፕላኑ ከባድ ምርመራ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ የለም። እኛ ፍሪላንስ የምንጠራው ቋሚው ሲታመም፣ ለሥልጠና ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ሲገባ፣ ፈቃድ ሲወጣ፣ ወይም የቋሚዎቹ የሥራ ሰዓት ሲሞላ ነው። ማለትም አስቀድሞ ታውቆ ሳይሆን ጉዳዩ ሲደርስ።

ስለዚህ ሰውየው ያሉት እውነት ከሆነ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት። በወር ይህን ያህል ቀን ብትበርም ባትበርም ይከፈልሃል የሚል ዝቅተኛ ዋስትና ማለቴ ነው። ባለቤቱ በእርግጥ አስር ቀን የሚበሩ ከሆነ ስድስት ቀን ዋስትና መስጠት አይከብዳቸውም። ከከበዳቸው መልሱን አገኘህ። ዋስትና ከሰጡ ግን እነሱም ቅድሚያ ይፈልጋሉ፤ ሲጠሩህ «ሌላ ሥራ ይዣለሁ» ማለት አትችልም። ያ ደግሞ ቀሪውን ሃያ ቀን ለሌሎች የመሸጥ ነፃነትህን ይነካል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት የለም።

እና አንድ ነገር፣ ካፒቴኖች ሆይ፣ ስደውል ቶሎ መልሱልኝ። አልችልም ማለትም መልስ ነው። ከሁሉ በፊት የምደውለው የተሻለ ለሚያበረው ሳይሆን በአስር ደቂቃ ውስጥ አዎ ወይም አይ ለሚለኝ ነው።

ነጭ_ሸሚዝ መለሰ፦

እነዚህ ሰዎች ሁሉን ነገር አወሳሰቡት። እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ያለ ምንም ውል ነው፤ እስካሁንም በእጅ መጨባበጥ ነው የምሠራው። ገንዘቤን የከለከለኝ የለም። መጀመሪያ ቀን አስራ ሁለት ገጽ ውል ይዘህ ብትሄድ በማግስቱ ሌላ ሰው ይጠራሉ። ገበያው ጠባብ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ሂድ፣ በደንብ ብረር፣ ሰዓት አክብር፣ ካቢኑን ንጹህ አድርገህ አስረክብ። ቀሪው በራሱ ይመጣል።

የሻንጣ_ኑሮ መለሰ፦

ነጭ ሸሚዝ፣ የከለከለህ የለም ማለት የሚከለክል የለም ማለት አይደለም። አስራ ሁለት ገጽ ያለውም የለም። አንድ ገጽ ኢሜይል ይበቃል፤ «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት» ብለህ ነገሩን ዘርዝረህ ትልካለህ፣ እነሱ «ተስማምተናል» ብለው ይመልሳሉ። አለቀ።

እዚያች ኢሜይል ላይ ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው የስረዛውን ነገር ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያዙኝ፣ ሌላ ሥራ እምቢ አልኩላቸው፣ ሰኞ ማታ «ጉዞው ተሰርዟል፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት መጣ። ያ ቀን የማነው? እኔ የምጽፈው፣ ሊነሱ 48 ሰዓት እስኪቀር ከሰረዙ ምንም፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ግማሽ፣ በዕለቱ ከሆነ የተያዘው ቀን ሁሉ ሙሉ ይከፈላል ብዬ ነው። ቁጥሩን እንደየሰው ትቀያይረዋለህ፤ ባዶውን ግን አትተወው።

ሁለት_ኤንጂን ጻፈች፦

ለቀኝ ወንበር፣ ወንድሜ። እኔ ግሎባል 6000 ጄት ላይ ነኝ፣ ረዘም ላለ ጊዜ በፍሪላንስ ሠርቻለሁ፤ ሥራውን እወደዋለሁ፣ ላስፈራራህ አይደለም።

ግን ሥልጠናውን ማን እንደሚከፍል ሳትጠይቅ አትግባ። አሁን ደሞዝተኛ ስለሆንክ ሲሙሌተሩ ሲደርስ ድርጅቱ ይልክሃል፣ ሆቴሉንም ይከፍላል፣ ደሞዝህም አይቋረጥም። ከወጣህ በኋላ ያ ወጪ ያንተ ነው። ለመካከለኛና ለትልቅ ጄት የሪከረንቱ (በየጊዜው የሚደገመው ሥልጠና) ዋጋ ቀላል አይደለም፤ አዲስ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚሰጥ የማብረር ፈቃድ) ከሆነማ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ሲሙሌተር የገባህበት ሳምንት ገቢ የሌለው ሳምንት ነው። ሜዲካሉም (የጤና ምርመራ ወረቀቱ) እንዲሁ፤ በአሜሪካኖቹ ደንብ ዕድሜህ 40 ካለፈ አንደኛ ደረጃ ሜዲካል የሚቆየው 6 ወር ነው።

ሰዎች የሚስማሙበት መንገድ የተለያየ ነው። አንዳንዱ ኦፕሬተር (አውሮፕላኑን የሚያሠራው) ሪከረንትህን ይከፍልና በለውጡ የተወሰኑ ቀናት በቅናሽ ትበርለታለህ። አንዳንዱ ግማሹን ይከፍላል። ሌላው ይከፍልና «ዓመት ሳይሞላህ ከሄድክ ትመልሳለህ» የሚል ውል ያስፈርምሃል። ይሄ የመጨረሻው ለቋሚ ሠራተኛ ይገባኛል። የሥራ ቀን ዋስትና ሳይሰጡህ ዓመት የሚያስርህን ግን አትፈርም። እነሱ ላይጠሩህ ይችላሉ፣ አንተ ግን መሄድ አትችልም፤ ይሄ ምን ዓይነት ነፃ ሠራተኛ ነው?

ሁለት ታይፕ ይዤ ልቁም የሚሉም አሉ፣ ስልክ እንዲበዛላቸው። ልክ ነው፣ ይበዛል። ወጪውም እጥፍ ነው። ሁለቱንም ንቁ አድርጎ መያዝ ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው፤ ከቻሌንጀር ወጥተህ በማግስቱ ፋልከን በሚባለው ሌላ ጄት ውስጥ ስትቀመጥ እጅህ የለመደው ቦታ ላይ ያ ማብሪያ የለም።

ወረቀት_አንባቢ ጻፈ፦

የሥልጠናው ነገር ከተነሳ አይቀር፣ በረራው በምን ደንብ ሥር እንደሆነ ጠይቅ። ሂሳቡ ሁሉ የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው።

አውሮፕላኑ በአሜሪካ መዝገብ ኤን ብሎ የሚጀምር ሆኖ ባለቤቱ የራሳቸውን ጉዳይ የሚበሩበት ከሆነ ፓርት 91 ነው። እዚያ የካፒቴን ፍተሻህ 61.58 የሚባለው ነው፤ በ12 ወር አንዴ በማንኛውም ሁለት አብራሪ በሚፈልግ አውሮፕላን ወይም ጄት፣ በ24 ወር ደግሞ በዚያው በምትበርበት ዓይነት። ያ ወረቀት ካንተ ጋር ይዞራል፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ትበርበታለህ።

ቻርተር ከሆነ ፓርት 135 ነው፣ ወረቀትህም ካንተ ጋር አይዞርም። በዚያው ድርጅት በጸደቀ ፕሮግራም መሠልጠን አለብህ፤ የመሣሪያ በረራ ፍተሻው በየ6 ወሩ፣ የመስመር ፍተሻው በየ12 ወሩ። ለሦስት ቻርተር ድርጅት በቀን እየተጠራሁ እሠራለሁ የሚለው ሕልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓም ያው ነው፤ የኦፕሬተር ፍተሻው የ6 ወር ዕድሜ ነው ያለው፣ ያም ለዚያ ኦፕሬተር። እዚያ የግል በረራም ቢሆን ልቅ እንዳይመስልህ። ከነሐሴ 2016 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ጄት ያለው የግል ኦፕሬተር ሁሉ ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ማሳወቅና የኦፕሬሽን ማንዋል መያዝ ግዴታው ነው። ማንዋሉን አሳዩኝ በላቸው።

ሰዓትህን ደግሞ አንተው ራስህ ነህ የምትቆጥረው። በ135 መደበኛ ፕሮግራም በሌላቸው በረራዎች ላይ ሁለት አብራሪ ሆናችሁ በተከታታይ 24 ሰዓት ውስጥ 10 ሰዓት፣ በሩብ ዓመት 500፣ በሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመት 800፣ በዓመት 1,400 ሰዓት ነው ጣሪያው። የሚቆጠረውም ለዚያ ድርጅት የበረርከው ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሰው በክፍያ የበረርከውም ጭምር ነው። አውሮፓ በ28 ቀን 100፣ በዓመት 900። ደሞዝተኛ እያለህ ይህን የሚከታተልልህ ሰው አለ፤ ፍሪላንስ ስትሆን አንዱ ድርጅት ለሌላው ምን እንደበረርክ አያውቅም። ካልነገርካቸው ጥፋቱ ያንተ ነው።

በመጨረሻ አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈውን የምዝገባ ፊደል ተመልከት። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 32 እንደሚለው፣ ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አውሮፕላን አብራሪ ፈቃዱ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የተሰጠ ወይም እዚያው የጸና መሆን አለበት። ማልታ፣ ሳን ማሪኖ፣ ኬይማን፣ አይል ኦፍ ማን የተመዘገበ የግል ጄት ብዙ ነው። ፈቃድህ የሌላ አገር ከሆነ ማጽናቱን ማን ያስጨርሳል፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ማን ይከፍላል?

ቀኝ_ወንበር ጻፈ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ደውዬ አጣራሁ። አውሮፕላኑ ኤን ነው፣ የኔም ፈቃድ የአሜሪካ ስለሆነ እዚያ ላይ ችግር የለም። በረራው የግል ነው አሉኝ፣ 91።

ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ። «አንዳንዴ የባለቤቱ ወዳጆች ይጠቀሙበታል፤ የነዳጁንና የአንዳንድ ነገር ወጪ ይችላሉ» አለኝ። ለነሱ ሲሆን ከባለቤቱ አውሮፕላኑን ብቻ ይከራያሉ፣ አብራሪውን ደግሞ «ራሳቸው ይቀጥራሉ» የሚል ወረቀት አለ አለኝ። ይሄ የተለመደ ነው?

ወረቀት_አንባቢ መለሰ፦

የተለመደ ነው። ሕጋዊ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ድራይ ሊዝ የሚባለው በራሱ ሕጋዊ ነገር ነው። አውሮፕላኑን ያለ አብራሪ ትከራያለህ፣ አብራሪህን ራስህ ትመርጣለህ፣ ራስህ ትከፍላለህ፣ የበረራውን ኃላፊነት ራስህ ትሸከማለህ። ችግሩ የሚመጣው ተከራዩ «ወዳጅ» አብራሪውን አይቶትም መርጦትም ሳያውቅ፣ አውሮፕላኑና አብራሪው በአንድ ስልክ ሲመጡለት ነው። ያኔ ወረቀቱ ምንም ይበል ነገሩ ቻርተር ነው፤ የ135 ሰርተፊኬት ሳይኖር የሚደረግ ቻርተር። ሲያዝም ባለቤቱ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው። ፈቃዱ የሚታገደው ያንተ ነው። «አላወቅኩም» አያስመልጥም፣ ምክንያቱም ፍተሻ ያደረገውና ለካፒቴንነት የሚከፈለው አንተ ነህ።

እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ ወዳጆቹ ሲበሩ ገንዘቤን የሚከፍለኝ ማነው? መልሱ «እኛው እንከፍልሃለን፣ አትጨነቅ» ከሆነ መጨነቂያው ያ ነው።

ግራ_ጎን ጻፈ፦

ብዙም አልጽፍም እዚህ፣ ግን ይሄን ወጣት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ልጄ፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቴተርቦሮ አየር ማረፊያ ስለደረሰው አደጋ አንብብ። የካቲት 2 ቀን 2005 በፈረንጆቹ ነው፤ አንድ ቻሌንጀር 600 ለመነሳት ሲንደረደር አፍንጫው አልነሳ ብሎ ከመንደርደሪያው አልፎ፣ አውራ ጎዳና ተሻግሮ፣ መኪና ገጭቶ መጋዘን ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም፣ ተአምር ነው። ሲመረመር ክብደቱ ወደ ፊት አዘንብሎ ከተፈቀደው ወሰን ውጪ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ሲገለጥ ድርጅቱ የራሱ የቻርተር ሰርተፊኬት አልነበረውም። ኃላፊዎቹ በወንጀል ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። ያን ቀን ሁለቱ ወንበር ላይ የነበሩትን ሰዎች አስባቸው እንጂ።

በአውሮፓም በ2019 ጥር ላይ ኤሚሊያኖ ሳላ የተባለው እግር ኳስ ተጫዋች የሞተበት ፓይፐር ማሊቡ ነበር። ጄት አይደለም፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው። መንገደኛ በክፍያ የመጫን ፈቃድ የሌለው አብራሪ፣ በስልክ የተቀናጀ በረራ። አብራሪው አብሮ ሞተ፤ ያቀናጀው ሰው በ2021 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት።

እኔ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ በረራ ከመጀመሬ በፊት ተሳፋሪውን በትሕትና ሰላም ብዬ «በረራውን ማን አዘጋጀልዎ?» እላቸዋለሁ። ሰው ለአብራሪ አይዋሽም። «ድረ ገጽ ላይ አይቼ ነው፣ ዋጋውም ጥሩ ነበር» ካሉኝ ኤንጂኑን አላስነሳም።

ነጭ_ሸሚዝ መለሰ፦

ጋሼ፣ በዚህ እንኳ እስማማለሁ። በዋጋ ብንጣላም በዚህ አንጣላም።

በውል ላይ ግን አሁንም ሰው እያስፈራራችሁ ነው እላለሁ።

መድን_ነክ ጻፈች፦

ነጭ ሸሚዝ፣ እንግዲያውስ እኔም ላስፈራራህ፤ ሥራዬ የአቪዬሽን መድን ነው።

የባለቤቱ የመድን ውል አውሮፕላኑን ማን ሊያበር እንደሚችል ይዘረዝራል። ወይ በስም ይጠራሃል፣ ወይም ይህን ያህል ጠቅላላ ሰዓት፣ ይህን ያህል በዓይነቱ፣ ሥልጠናውም በ12 ወር ውስጥ የሆነ ብሎ መስፈርት ያስቀምጣል። መስፈርቱን አሟልተህ ስትገኝ የተጠበቀው ባለቤቱ ነው እንጂ አንተ ነህ ማለት አይደለም። ይሄን ብዙ አብራሪ አያውቅም። ቋሚ ሠራተኛ ከሆንክ አብዛኛውን ጊዜ ከአሠሪው ጋር ትሸፈናለህ። ውጪ የሆንክ ባለሙያ ስትሆን ግን አውሮፕላኑ ሲጎዳ መድን ሰጪው ለባለቤቱ ከፍሎ፣ ከዚያ ገንዘቡን ፍለጋ ወደ አንተ ሊዞር ይችላል። የጄት ዋጋ ነው የምንነጋገረው።

ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ ትጠይቃለህ። አንደኛ፣ በውሉ ላይ አንተም መድን ገቢ ተብለህ እንድትጨመር። ሁለተኛ፣ መድን ሰጪው አንተን የመጠየቅ መብቱን እንደተወ የሚያሳይ አንቀጽ። ከዚያ «አለ፣ አለ» የሚለውን አትቀበል፤ ሰርተፊኬቱን ከደላላው በቀጥታ ይላኩልህ። ለደላላው አንድ ኢሜይል ነው፣ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። እምቢ ካሉ ወይ ውሉ የሚሉትን አይመስልም፣ ወይ ደላላው አንተ እንደምትበር እንኳ አያውቅም።

በነገራችን ላይ የወዳጆቹ በረራ ቻርተር ነው ከተባለ፣ ለግል አገልግሎት የተገባው መድን እሱን አይሸፍንም። ሁለቱ ጉዳይ አንድ ነው።

ነጭ_ሸሚዝ መለሰ፦

እሺ፣ ኢሜይሉን ዛሬ እልካለሁ። ተረታሁ አላልኩም ግን።

ሁለት_ኤንጂን ጻፈች፦

😄 መልሱን እዚሁ ንገረን።

ስለ አከፋፈሉ ልጨምር። ኢንቮይስህን በገባህ ማግስት ላክ፣ ወር አትጠብቅ። ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያውን ጉዞ ግማሽ ቀብድ እጠይቃለሁ፤ ደፍሮ መጠየቅ ነው እንጂ ብዙዎቹ ይከፍላሉ። አንድ ኦፕሬተር ለረጅም ጊዜ «ሂሳብ ክፍል ነው ያለው» እያለ ያመላልሰኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ለቀጣዩ ጉዞ ሲደውሉ «ያለፈው ሲገባ እነሳለሁ» አልኳቸው፤ በዚያው ቀን ገባ። አውሮፕላኑ ተሳፋሪ እየጠበቀ ያለ ጊዜ ሂሳብ ክፍል በጣም ፈጣን ነው።

በኤጀንሲ በኩል ከሆነ ደንበኛው የሚከፍለውና አንተ ጋ የሚደርሰው አንድ አይደለም። ኤጀንሲው ድርሻውን መውሰዱ አይከፋኝም፤ ኦፕሬተሩ ሳይከፍለው ሲቀር አንተን ይከፍልሃል ወይስ «ሲከፈለን» ነው የሚለው? ውሉ ላይ የምፈልገው ያችን ነው።

ግብሩ ላይ አገር አገሩ ይለያያል፣ የሂሳብ ሰው ያዝ። ከምታገኘው ላይ ግብርህን ወዲያው ለይተህ ሌላ ሂሳብ ውስጥ ክተተው፣ ያንተ አይደለም። የጤናና የጡረታ መዋጮም የሚከፍልልህ የለም። ልብ በል ደግሞ፣ አንድ ደንበኛ ብቻ ካለህ፣ ፕሮግራምህን እሱ የሚያወጣ ከሆነ፣ የደንብ ልብስ ካለበሰህ፣ በብዙ አገር የግብር ባለሥልጣኑ ዓይን አንተ ፍሪላንስ ሳትሆን ስሙ ያልተጠራ ሠራተኛ ነህ።

አዲሱ_ኤፍኦ ጻፈ፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ ገና 600 ሰዓት ነው ያለኝ። ሰዓት እንዲሞላልኝ በግማሽ ዋጋ፣ ካስፈለገም በነፃ ብበርላቸው ምን ይላችኋል? ከዜሮ ይሻላል ብዬ ነው።

የሻንጣ_ኑሮ መለሰ፦

ቁጣዬን ልዋጠውና ልመልስልህ። የባለቤቱ ቁጠባ ነው አንተ ሰዓት የምትለው። ዛሬ በነፃ የበረርክበት ወንበር ነገ እየተከፈለህ ልትቀመጥበት የሚገባ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካንተ ሌላ በነፃ የሚበር ይመጣል። ያጎደልከው የሌላውን ብቻ አይደለም።

ግራ_ጎን መለሰ፦

አትቆጡት። ሁላችንም ሰዓት ያስራበን ነበር። ልጄ፣ ዝቅ ያለ ዋጋ ተቀበል፣ ጀማሪ ነህና ነውር የለውም፤ ነፃ ግን አትብረር። የማይከፍልህ ሰው ደክሞኛል ስትለውም አይሰማህም።

ኦፕስ_ዴስክ መለሰች፦

በነፃ እበራለሁ የሚለኝ ሰው ስም ዝርዝሬ ላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው እንጂ አይወጣም። ምን ጎድሎት ነው እላለሁ።

ቀኝ_ወንበር ጻፈ፦

መልስ መጣ። ኢሜይሉን ልኬ ነበር፤ የሻንጣ ኑሮ እንዳለው አንድ ገጽ ብቻ።

የጉዞ ቀን በግማሽ ተስማሙ። ቲኬትና ሆቴል በነሱ። ስረዛው ላይ በዕለቱ ከሆነ ሙሉ፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ምንም አሉ፤ 24 ሰዓት ግማሽ ብዬ እየተከራከርኩ ነው። ዝቅተኛ ዋስትናውን እምቢ አሉ። አስር ቀን ያለኝ ሰው «አማካይ ማለቴ ነው» አለ አሁን። ሪከረንቱን ግማሽ እንከፍላለን፣ መታሰሪያ የለውም ብለዋል። መድኑ ላይ ደላላቸው ነገ ሰርተፊኬት ይልካል ተብያለሁ።

የወዳጆቹን በረራ ጉዳይ ስጠይቅ ግን ሰውየው ድምፁ ተለወጠ። «እሱን ለኛ ተወው» አለ። እኔም የባለቤቱን በረራ ብቻ ነው የምበርላችሁ፣ የሌላውን ማንም ይብረረው አልኩት። እስካሁን አልመለሰም።

ደሞዜን አልለቀቅኩም፤ ዋስትናው ከሌለ አልለቅም። አሁን ያሰብኩት ከአሠሪዬ በጽሑፍ ፈቃድ አግኝቼ በእረፍት ቀኖቼ ብቻ እየበረርኩ ለተወሰነ ጊዜ ማየት ነው።

ወረቀት_አንባቢ መለሰ፦

ይሄ ደግሞ የ135 ሰዓትህን ይበላል፤ ላሠሪህ ከመብረርህ በፊት ለሌላ በክፍያ የበረርከው ይቆጠራል ብዬህ ነበር። እረፍት ብለው የሰጡህ ቀን በርረህበት እረፍት ሊሆን አይችልም። አሠሪህ በየሩብ ዓመቱ ቢያንስ 24 ሰዓት የሚሆኑ 13 እረፍቶች ሊሰጥህ ይገባል፤ የትኞቹን እንደምትነካ አስቀድመህ ከፕሮግራም ክፍሉ ጋር ተቀመጥና ተመልከት። እምቢ ካሉህም አትቀየማቸው።

ሁለት_ኤንጂን መለሰች፦

ሌላኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠውንስ ጠየቅክ? ስሙን፣ ሪከረንቱ መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው የአሠራር መመሪያ እንደምትበሩ። ሁለት ፍሪላንሶች ተገናኝታችሁ እያንዳንዳችሁ የየድርጅታችሁን ቼክሊስት ልማድ ይዛችሁ ስትቀመጡ ነው ኮክፒቱ ጸጥ የሚለው። ከበረራው በፊት ባለው ማታ አግኝተኸው በረራ ላይ የምትጠራሩባቸውን ቃላት አስማሙ፤ ያን ማታም በጉዞ ቀን አስገባው።

ቀኝ_ወንበር መለሰ፦

አልጠየቅኩም። አሁን ልደውል።

ባለ_ፌኖም ጻፈ፦

ክሩን ሙሉ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። እኔ ፌኖም 300 የምትባል ትንሽ ጄት ላይ ነኝ፤ ብቻውን ማብረር ስለሚፈቀድ ባለቤቱ ሁለተኛ አብራሪ አልከፍልም ይላሉ፣ የቀን ዋጋው ግን ያው ነው። ብቻዬን ስሆን ጨምሬ ልጠይቅ እችላለሁ?

መድን_ነክ መለሰች፦

ትችላለህ። ከዚያ በፊት ግን የመድን ውሉ ብቻህን እንድትበር ይፈቅድ እንደሆነ እይ፤ አውሮፕላኑ የተፈቀደለትን መድን ሰጪው ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። አዲስ ክር ክፈትበት፣ ይሄ ረዝሟል።